ለኡበይድ የተጠራው ዱዓ

ወንድሜ ኡበይድ ከስልኩ ሌላ ዘመድ የለውም። ሲበላ ስልክ፣ ሲሄድ ስልክ፤ እናታችን ስትጠራው «እ?» ይላል እንጂ ቀና አይልም። ምን ቸገረው! ሐይቅ ከተማ መንገድ ዳር አሳ ስጠብስ የምውለው እኔ ሳጂዳ ነኝ። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቋረጥኩት እሱ ደሴ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ እንዲማር ነው። «እሱ ይመረቅ፣ ከዚያ ተራው ያንቺ ነው» ብላኛለች እማ። አራት ዓመት ጠበቅኩ።

ባለፈው ሐሙስ እማ ለመውጫ ፈተናው ብላ ዱዓ አስጠራች። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ጫቱ ቀረበ፣ ሼህ ሱሩር እጃቸውን ዘረጉ። ኡበይድ ሆዬ በስልኩ ላይቭ ገባ! ዱዓ ላይ! «ኧረ እፈር» ስለው፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ይልቅ ያዥልኝ፣ ወደ ሼሁ አዙሪው» ብሎ ስልኩን እጄ ላይ ጣለው። አሳ ጠባሽ ማንበብ የምትችል አልመሰለውም መሰለኝ።

ሼሁ «ለምርቃት አብቃው» ሲሉ ቤቱ «አሚን!» ይላል። ስልኩ ላይ ደግሞ አንዱ ጻፈ፦ «ኡበይዶ፣ አምና ከግቢ ተባረህ የለም እንዴ? የምን ምርቃት ነው?»

ደሜ ፈላ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፣ አንድ ፊደል ሳላስቀር።

ኡበይድ ስልኩን ሊቀማኝ ዘለለ፤ ገፈተርኩት።

«ተናገር! እውነት ነው?»

«ሌሊቱን ስልክ ላይ አድሬ ቀን እተኛ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሁለት ፈተና ተኝቼ አለፈኝ። ሌላውን ወደቅኩ።»

«ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ደሴ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ቤት ተከራይቼ ተቀመጥኩ።» እኔ በጭስ ዓይኔ ሲጠፋ፣ እሱ ኪራይ ቤት ተጋድሞ ስልክ ሲጎረጉር ነበራ!

«ድፍት ያድርግህ!» አልኩት። ወላሂ ከልቤ ነው።

«አንቺ! ሰው ፊት!» ብላ እማ ጮኸች። እኔን ነው የተቆጣችው፣ እኔን!

«አብሽሩ፣ አይዟችሁ» አሉ ሼህ ሱሩር። «ዱዓው ገና አልተቋጨም። አሁን ምን ብለን እንለምን?»

«ለእኔ አድርጉልኝ» አልኩ። «መስከረም ላይ ትምህርት ቤት እመለሳለሁ።»

እማ ዞራ እንኳ አላየችኝም። «አንቺማ ጊዜው አልፎሻል» አለች። «ለልጄ ሂዳያ ለምኑልኝ፣ ቀናውን መንገድ ይምራልኝ።»

ሼሁ እንደገና እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረብ፣ ኡበይድን ወደ ልቡ መልሰው» ሲሉ ቤቱ በሙሉ «አሚን!» አለ። እኔ እጄን አልዘረጋሁም፤ አሚንም አላልኩ።