አርፏል አትበል

«ልቤ ደክሞት ነበር፤ አሁን አርፏል» አለ አናጢው፣ ሊጠይቁት የመጡትን ጎረቤቶች በተራ እያየ።

ሚስቱ የምታጥፈውን ሸሚዝ ጣል አድርጋ «አታሟርት! ልቤ አርፏል ይባላል?» ስትል ተቆጣች። የሆስፒታሉ ክፍል በሳቅ ሞላ። የቃሉ ሁለት ስለት ለሱም የገባው ያኔ ነው፤ ገብቶት ግን አልተወውም፣ ጣፍጦት ደጋገመው።

ሐኪሞቹ «የልብ ድካም» ሲሉት እሱ የሰማው ድካም የሚለውን ብቻ ነበር። ድካምን ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሳንቃ ሲልግ ለኖረ ሰው ማን ያስተምረዋል? የደከመ ያርፋል፣ ያረፈ ይነሣል፤ አለቀ። ሕመሙ ደረቱን ጨምድዶ ይዞት ከሥራ ቦታው ተሸክመው ባመጡት ዕለት እንኳ፣ ሐኪሞቹ በእጁ አንጓ ቀጭን ሽቦ አስገብተው የተዘጋውን የደም ሥር ሲከፍቱለት ነቅቶ ያይ ነበር። ሥቃዩ እንደ አመጣጡ ሄደ። የቀረችው ምልክት ትንኝ የነከሰው የምታህል ነጥብ ናት፤ በሷ ምክንያት በሽተኛ መባል አሳፈረው። ዛሬ ይወጣል። ነገ ጠዋት ለደንበኛው የሠራውን ትልቁን የግቢ በር ተሸክሞ ያቆማል። ቃል ሰጥቷል።

ጎረቤቶቹ እንደ ሄዱ ነርሷ መድኃኒት ይዛ ገባች። «ይኼን ዕድሜ ልክ ነው የሚወስዱት፣ ጋሼ።»

«ምን አጥፍቼ ነው ዕድሜ ልክ የተፈረደብኝ?»

ነርሷ ሳቀች። ሚስቱም ሳቀች፤ ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሱ ሳምንት ብውጠው ይበቃል ሲል በሆዱ ወሰነ።

ከመውጣቱ በፊት ልቡ በመሣሪያ እንዲታይ ተጠራ። ሐኪሟ የልጁ እኩያ ናት። ደረቱን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ስታስጠጋው ልቡ በስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። አናጢው ወደደው። ማንም ሳያዘው ይጨብጣል፣ ይለቃል። ይህን ያህል ዘመን ሲያገለግለው አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥህ አላለውም። ከዚያ ዓይኑ አንድ ጥግ ላይ ቆመ።

«ይቺ ለምን አትንቀሳቀስም?»

ሐኪሟ መሣሪያውን እዚያው ላይ አቆመችው።

«ደክሟት ነው፤ ታርፋለች» አለ ራሱ።

«አርፋለች፣ ጋሼ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደም ሲቋረጥባት ሞታለች። የደም ሥሩን ከፈትነው እንጂ እሷን መመለስ አልቻልንም። መድኃኒቱ ሥሩ ተመልሶ እንዳይዘጋ ነው። የቀረው ልብዎ የሷንም ሥራ ደርቦ እየሠራ ነው፤ አሁን ሸክም ከጨመሩበት...»

አናጢው ዓይኑን ከስክሪኑ አነሣ። ከራሱ ጋር ኖሮ የሞተ ዘመድ እንዳለው፣ ለቅሶውንም ሳይደርስ እንደ ቀረ ተሰማው።

«ለባለቤቴ አትንገሪብኝ» አላት። «ትደነግጣለች።»

«በገቡበት ዕለት ነግረናቸዋል እኮ። ለእርስዎም ነግረንዎታል፤ እሺ፣ እሺ ብለው ሰሙን።»

ለካ ያን ሁሉ ቀልድ አብራው ስትስቅ የነበረው እያወቀች ነው።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ቦርሳውን አንግታ ቆማ አገኛት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በምን አንጀቴ?» አለችው። «ስትስቅ እያየሁ፣ በምን አንጀቴ?»

ቀልድ ፈለገ፤ አጣ። «ለሰውዬው ደውዪለት» አላት። «በሩን ሌላ ሰው ያቁምለት።» ይህን ሲል አፈረ፤ ደግሞም ቀለል አለው።

ኮሪደሩ ረጅም ነው። ሚስቱ ቦርሳውን ይዛ ቀደመች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ኋላ ቀርታ ቀስ በል የምትለው እሷ ነበረች። አሁን ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው እሱ ነው።

«ቀስ በይ እንጂ፣ አንቺዬ።»

ዞራ አየችው። ከዚያ ቦርሳውን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ ክንዷን ሰጠችው።