ሁለቱ የእማማ ቶሪቢያ ፊርማዎች

ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ማንም አልከሰሰኝም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

እጣ ወጥቶ እማማ ቶሪቢያ ቻምፒ የመንደራችን ምርጫ ጣቢያ ሰብሳቢ ሲሆኑ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ፊደል የቆጠሩት በስልሳ ዓመታቸው፣ የመንደሩ መምህርት እኔ ጋ ነው። መታወቂያቸው ላይ ያለውን ፊርማ ሳይማሩ በፊት ነው እንደነገሩ የሞነጫጨሩት፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። "እማማ፣ በዚህማ አይፈርሙም፤ ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት ወረቀት እኮ ነው" አልኳቸውና ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ባለ ጅራት አዲስ ፊርማ አስጠናኋቸው።

ለፕሬዚዳንትነት ከቀረቡት የእኛ ሰው ኤውሎኺዮ ዋርካያ ነበር፤ እንደኛው ደገኛ፣ የጭነት መኪና ሹፌር። የዋና ከተማዋ የሊማ ባለ ክራቫቶች በሬዲዮ "ቤተ መንግሥቱን መናኸሪያ ሊያደርገው ነው" እያሉ ይሳለቁበታል። የእነሱ ሰው አባቱም አያቱም ሚኒስትር ነበሩ። በጣቢያችን ከሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ድምፅ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኙ ለዋርካያ ሆነ። እማማ የቆጠራው ቅጽ ላይ ያንን ባለ ጅራት ፊርማ አኖሩበት።

"እዪ እንግዲህ ልጄ፣ የዳኛ ፊርማ አይመስልም?"

ይመስል ነበር።

ዋርካያ በጥቂት ሺህ ድምፅ መራ። ያኔ የሊማ ጠበቆች የደጋ መንደሮችን ቅጽ እያነሱ ማገላበጥ ጀመሩ። የእኛም ተያዘ፤ ፊርማው ከመታወቂያው ጋር አይመሳሰልም፣ የተጭበረበረ ነው ተባለ። የእማማን ስም በሬዲዮ ጠሩት።

"በስሜ ማን ፈረመ ነው የሚሉት?" አሉኝ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ ማን ይሆናል።"

"ታዲያ ሄጄ እነግራቸዋለኋ። አፍ የለኝም እንዴ?"

ክርክሩ ወደሚሰማበት ከተማ ስድስት ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ ተጓዝን። የበዓል ባርኔጣቸውን አድርገው፣ መንገዱን ሙሉ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ሲፈርሙ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሦስት ዳኞች፣ ካሜራዎችና አንድ ወጣት የሊማ ጠበቃ ጠበቁን። ጠበቃው ወንበር ሳበላቸው።

"አይዞዎት እናቴ። ቅጹ ላይ እንደፈረሙት እዚህ ይፈርሙልን።"

ቢያመናጭቃቸው ይሻል ነበር፤ እልህ ይይዛቸው ነበር። እስክሪብቶውን ይዘው ካሜራዎቹን ቀና ብለው አዩ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ሦስቱም ላይ የወጣው ያው የዶሮ ጭረት ነበር፣ ቁርጥ የመታወቂያውን።

"ይኸው ክቡራን ዳኞች፣ የእሳቸው ፊርማ ይሄ ነው" አለ ጠበቃው ቀስ ብሎ። "ቅጹ ላይ የፈረመው ሌላ ሰው ነው።"

"ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ" ብዬ ተነሳሁ።

"የፈረሙላቸውም እርስዎ ይሆናሉ" አለኝ። ከኋላ ሳቁ። ሰሌዳው ላይ የተለማመዱት ሁሉ ተጠርጓል፤ የማሳየው ማስረጃ አልነበረኝም።

ድምፃችን ተሰረዘ። የሌሎች መንደሮችም እንዲሁ ሆነ፤ የሚኒስትሩ ልጅ በዘጠኝ መቶ ድምፅ አለፈ።

ስንመለስ እማማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"ልጄ፣ በድሮው ብፈርም ኖሮ ዋርካያ ቤተ መንግሥት ይገባ ነበር?"

"አይ እማማ፣ ሌላ ሰበብ አያጡም ነበር።"

ምናልባት እውነት ነው። እሳቸው ግን አላመኑኝም። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቀሩ። ባለፈው ሳምንት ማዳበሪያ ሲረከቡ አየኋቸው፤ ጸሐፊው እስክሪብቶ ቢዘረጋላቸው በእጃቸው መለስ አድርገው፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።