የቁጥጥር ቀን መነጽር

«ዓይንህን ክፈት! አትጨፍን ነገሬ፣ ክፈት ብዬሃለሁ!»

ሃፊዛ በግራ እጇ አገጩን ይዛ በቀኟ ውሃ ታፈስበታለች። የመጋዘኑ ቧንቧ ከደረቀ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በግቢው ውስጥ የተገኘው ውሃ እሷ ለሶላቷ ውዱእ ብላ በጀሪካን ከቤቷ ያመጣችው ብቻ ነበር። ነገሬ መሬት ላይ ተንጋሎ ያቃስታል፤ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተበሳስቷል።

ነገሬ የፎርክሊፍት ሹፌር ነው። ሲሞላ ያደረውን ባትሪ ሊነቅል ጠዋት ገባ። ማታ ዝናብ ስለነበር መስኮቱ ተዘግቶ አድሯል፤ ባትሪው ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝ ክፍሉ ውስጥ ታምቋል። ውጭ ደግሞ ጭነት የሚጠብቅ ሹፌር ክላክሱን ያንባርቃል። ነገሬ ቸኮለና ቻርጀሩን ሳያጠፋ ገመዱን መዥረጥ አደረገው። ብልጭ አለ፣ ወዲያው ጓ! አለ፤ የባትሪው ክዳን ተፈንቅሎ አሲዱ ፊቱ ላይ ተረጨ።

ውሃው ሲያልቅ በዚያው ክላክስ ሲያንባርቅ በነበረው መኪና ሆስፒታል ወሰዱት። ሃፊዛ እርጥብ ቀሚሷን እንደለበሰች ወደ ስቶሯ ተመለሰችና ቁምሳጥኑን ከፈተች። ስድስት የዓይን መከላከያ መነጽሮች ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል። ማንም አላያትም፤ እሷ ግን አፈረች። ፊቷ እስኪግል አፈረች።

በዕቃ አያያዝ የሚስተካከላት የለም ይባልላታል፤ አሥራ አራት ዓመት አንዲት ብሎን አልጎደለባትም። መነጽሮቹ የተገዙት የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው የተባለ ሰሞን ነው። ጠዋት ለሹፌሮቹ አስፈርማ አደለቻቸው። እንግዶቹ አይተው፣ ፎቶ አንስተው ሄዱ። ማታ ሁሉንም ሰበሰበች፤ በሶፍት ወልውላ ወደ ላስቲካቸው መለሰቻቸው። ሲረከቡ ፈርመዋል፤ ሲመልሱ ግን የፈረመ የለም። ማን ትዝ ይለዋል?

ነገሬ ሁለት ጊዜ ጠይቋታል። ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቃት ባለፈው ማክሰኞ ነው።

«እትዬ ሃፊዛ፣ ያን መነጽር ይስጡኝ እንጂ። ለሙሽራ ነው እንዴ ያስቀመጡት?»

«ጫጭረህ ልታመጣልኝ? ደግሞ ሲመጡ ምን ላሳያቸው?»

እሱም ስቆ ሄደ። እሷም ስቃ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ አቶ የኔሰው አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ የአደጋው ሪፖርት ተተይቦ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ነገሬ መነጽር ሲረከብ የፈረመበት ቅጠል አለ።

«መከላከያ ተሰጥቶታል፣ አልተጠቀመም፤ በቃ» አለ አቶ የኔሰው። «ፊርማው ይኸው። አንቺም እዚህ ጋ ፈርሚ።»

«እንዲህ ከተባለ ሕክምናውስ? ካሳውስ?»

«በራሱ ጥፋት ከሆነ እኛን አይመለከትም። ወይስ ጥፋቱ ያንቺ ነው ልበል?»

ሃፊዛ ሁለት ልጆቿን አሰበች። ቁምሳጥኑንም አሰበች። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስታ ፈረመች።

አሥር ሰዓት ላይ ሠራተኞቹ ከአቶ የኔሰው ጋር ሙዝና ጁስ ይዘው ሊጠይቁት ሄዱ። ነገሬ ሁለቱም ዓይኖቹ በፋሻ ተሸፍነዋል። ባለቤቱ ገነት ሃፊዛን ስታያት ከወንበሯ ተነስታ እጇን ያዘች፤ ሃፊዛ እጇን ሳትስብ ገነት ጎንበስ ብላ ሳመችው።

«ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለዎት? ወዲያው ውሃ ባይፈስበት ሁለቱም ይጠፉ ነበር አለ። ግራውን እርስዎ ነዎት ያተረፉልኝ። አላህ ይስጥዎት።»

«ቀኙስ?»

ገነት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«እትዬ ሃፊዛ ናቸው?» አለ ነገሬ ወደ ድምፅዋ ዞሮ። «ጥፋቱ የኔው ነው። ሳላጠፋ ነቀልኩት። እርስዎን በመነጽሩ ምክንያት ምንም አላሉዎትም አይደል?»

መሬት ተከፍታ በዋጠቻት! ብትሰድባት፣ ቢረግማት በቻለችው ነበር። ይህንን ግን አልቻለችም።

«ገነት፣ እጄን ልቀቂ» አለቻት። «መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። እንዳይጫጫር ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ። አሁንም ስድስቱም ቁምሳጥኔ ውስጥ አሉ። ዛሬ ደግሞ ተሰጥቶታል ብዬ ፈረምኩበት።»

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ የኔሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሃፊዛ፣ ይሄ የቢሮ ጉዳይ ነው። ነገ እንነጋገራለን።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፣ አውቃለሁ» አለችው። «ቢሆንም ዛሬ ልጩህ።»

ከቦርሳዋ የጭነት መመዝገቢያ ደብተሯን አወጣች። አንድ ቅጠል ገንጥላ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተደግፋ የሆነውን ሁሉ ጻፈች፤ አስፈርማ መስጠቷን፣ ማታውኑ መሰብሰቧን፣ ነገሬ መጠየቁን፣ መከልከሏን። ስሟን ከነአባቷ ስም አስፍራ ፈረመችና ለገነት ሰጠቻት።

ገነት ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። አላመሰገነቻትም። የቅድሙ ፊቷም አልተመለሰም። ወረቀቱን መልሳ ዘረጋችላት።

«ቀን አልጻፉበትም» አለቻት።

ሃፊዛ ተቀብላ ቀኑን ጻፈችበት።