በጉያ የቆየ ውሃ

ብርጭቆ ነበረች፣ መስኮቱ ላይ። ውሃ ነበረባት፣ እስከ ግማሽ። ፀሐይ ከደሴ ተራሮች ጀርባ ብቅ ስትል መጀመሪያ የምታገኘው እሷን ነበር… ከድንገተኛ ክፍሉ አልጋዎች በፊት፣ ከሕመምተኞቹ ፊት በፊት።

ከብርጭቆዋ ማንም አይጠጣም።

ያስቀመጠቻት ነርሷ ናት፣ ሲስተር አምሳለ። ስትሮክ የመታውን ሰው ውሃ ማጠጣት ክልክል ነው። ግማሽ ፊት ሲወድቅ ጉሮሮም አብሮ ይዝላል፤ ውሃው መንገድ ይስትና ሳንባ ይገባል። አገሬው ግን ሰው ወደቀ ሲባል የሚሮጠው ወደ ውሃ ነው። ደግ አገር ነው፣ በደግነቱ ይገድላል። ስለዚህ አምሳለ የደም ግፊት ሳትለካ፣ ስም ሳትጠይቅ፣ አስቀድማ አስታማሚውን ትይዛለች። ውሃ በአፍ አይሰጥ ትላለች። ክፉ ሰው መስላ ትላለች። በሥራዋ የመጀመሪያ ዓመት አንዲት ልጅ አባቷን ስታጠጣ አይታ፣ አዝናላት፣ ዝም ብላ ነበር… ሰውየው ሳምንት አልቆየም። ከዚያ ወዲህ ዝም ብላ አታውቅም።

ጋሽ ሙሄ ሰኞ ጠዋት መጡ፣ በሰው ሸክም። የሰፈራቸውን ቦኖ ሠላሳ ዓመት ሲከፍቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቁልፉን እንደያዙ ነው ቧንቧው ሥር የወደቁት። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። አንደበታቸው ተያዘ። ቃል ሁሉ ጠፍቶ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችላቸው።

ውሃ…

መዋጥ ይችሉ እንደሆነ በማንኪያ ጫፍ ውሃ ሞከረቻቸው አምሳለ። ትን አላቸው፣ ፊታቸው ጠቆረ። ውሃ በአፍ አይሰጥ የሚል ወረቀት ከራስጌያቸው ለጠፈች። ሚስታቸውን ወይዘሮ ዘሀራን ወደ ጥግ ወስዳ፣ ጠብታ እንኳ እንዳያቀምሷቸው አስማለቻቸው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል የሰሙ ሴት ናቸው ዘሀራ። ማሉ፣ አበቃ።

ውሃ… ይላሉ ጋሽ ሙሄ። ውሃ በአፍ አይሰጥ ትላለች አምሳለ። ዘሀራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫን ያደርጋሉ። ልባቸውን ያመማቸው መስሏት አምሳለ የእሳቸውንም ግፊት ለካች። ደህና ነበር።

ብርጭቆዋ ለዚህ ነበረች። አስታማሚው ወጥቶ፣ መጋረጃው ሲሳብ፣ አምሳለ ጎዙን፣ የቁስል ጨርቁን፣ ትነክራለች፣ ትጨምቃለች፣ የደረቀውን ከንፈር ታርሳለች። እርጥበት ነው እንጂ መጠጥ አይደለም፤ ይህ ይፈቀዳል። ጋሽ ሙሄ ጎዙን እንደ ሕፃን በከንፈራቸው ይዘው አይለቁም ነበር። ሰፈር ያጠጡ ሰው… በተጨመቀ ጨርቅ። ያኔ አምሳለ ታለቅሳለች፣ መጋረጃው እስኪከፈት።

ማክሰኞ እጇን ጨበጥ አደረጓት፣ በዚያ በዛለው እጃቸው። ደስ አላት። ነገ በማንኪያ እንደገና እንሞክራለን አለቻቸው ለዘሀራ።

ነገ… አሉ ዘሀራ። ፊታቸው በራ። እጃቸው አሁንም ደረታቸው ላይ ነበር።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ አስታማሚዎች ደጅ ሳሉ፣ ማንኪያው በአምሳለ እጅ ሳለ… የጋሽ ሙሄ ዓይን ተገለበጠ። ሐኪሞቹ ተረባረቡ፣ አምሳለም ተረባረበች። አልተመለሱም። ውሃ እንኳ አላሉም።

ዘሀራ አልጮኹም። የባላቸውን ጫማና ኮፍያ ሊሰበስቡ ገቡ። መስኮቱ ላይ ብርጭቆዋን አዩ፣ ጎዙን አዩ፣ ምን እንደሆነ ጠየቁ። አምሳለ ሳታስበው፣ ከንፈራቸውን የማርስበት ነው አለቻቸው።

የዘሀራ እጅ ወደ ደረታቸው ሄደ። ከጉያቸው አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ወጣች። ዘምዘም ነበር፣ ከመካ የመጣ፤ ጎረቤት ከሐጅ ሲመለስ የሰጣቸው፤ ባልና ሚስት በመጨረሻው ቀን ከንፈራቸውን ሊያርሱበት ለዓመታት ያኖሩት። ሦስት ቀን ከአልጋው አጠገብ ነበር… በመሐላ ታስሮ።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ጨርቁን በዚህ ነክረሽ ብታርሺለት ኖሮ… ይፈቀድ ነበር?»

ሰኞ ይፈቀድ ነበር። ማክሰኞ ይፈቀድ ነበር። ዛሬ ጠዋት ይፈቀድ ነበር። አምሳለ አልጠየቀችም፤ እሳቸው አልተናገሩም።

«አይፈቀድም ነበር፣ እናቴ።»

«አልሐምዱሊላህ፣» አሉ ዘሀራ። «እንግዲያ አልነፈግኩትም።»

ብልቃጧን ከፈቱ። በጣታቸው የባላቸውን ከንፈር አራሱ። ውሃው አልገባም፤ በጉንጫቸው ወረደ። አምሳለ ጠረገችው።

ብርጭቆ አለች፣ መስኮቱ ላይ። ዛሬም ሰው ይመጣል፣ በሸክም፣ በባጃጅ። ዛሬም ውሃ በአፍ አይሰጥ ትላለች አምሳለ። ከዚያ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምን ውሃ ይዛችኋል ብላ ትጠይቃለች። አንዱ ጠበል ያወጣል፣ አንዷ ዘምዘም፣ አንዱ ከአባቱ ደጅ የተቀዳ የምንጭ ውሃ። ወደ ብርጭቆዋ ታንቆረቁራለች፣ ጎዙን ትነክራለች።

ራሷ ስትጠጣ ግን፣ በደህና ጉሮሮዋ… ያቺ ለዘሀራ «አይፈቀድም ነበር» ያለቻት ቃል መንገድ ላይ ትጠብቃታለች። ትን ይላታል።