ወደ ቀኝ የዞረው ካብ

ቅየሳ ላይ ሳለሁ ነው ጠጉሬ የሸበተው። መሬቴ ተነካ፣ ወሰኔ ተገፋ እያለ ጠረጴዛዬን በዱላው ያልደበደበ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ቢኖር ጥቂት ነው። ዝናሽ ቁጡ ናት የሚሉኝም ለዚሁ ነው፤ ለሚቆጣ ሰው ዝም ብዬ አላውቅም። መሬት በዛብኝ ብሎ የተቆጣ ሰው ግን በዕድሜዬ ያየሁት ጋሽ ባፈናን ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከጎረቤላ በመጀመሪያው መኪና መጥተው ደብረ ብርሃን ካለው ቢሯችን ገቡ። በብርዱ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ተቀመጡ ብንላቸው፣ ለመቀመጥ አልመጣሁም አሉ። የእኛ ድርጅት በጎረቤላ ዙሪያ ያሉትን የገበሬ ይዞታዎች ለክቶ ካርታ እንዲያወጣ ተዋውሎ ነበር። የመጀመሪያው ካርታ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ለሕዝብ ዕይታ ተለጥፏል። ቅሬታ ያለው እስከ ዓርብ ያመልክት ተብሏል፤ ከዚያ በኋላ ካርታው ይጸድቅና የይዞታ ደብተር ይታተምበታል። ጋሽ ባፈናም ካርታቸውን አይተው ነው የመጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእሳቸው መሬትና የጎረቤታቸው የእትዬ ንጋቷ መሬት የሚለያዩት በአንድ የድንጋይ ካብ ነው። ካቡ ገደሉ አፋፍ ሲደርስ ይጎብጣል፤ በጉብጠቱ ውስጥ፣ በእትዬ ንጋቷ በኩል፣ ክረምት ከበጋ የማትነጥፍ ምንጭ አለች። እትዬ ንጋቷ ባላቸው ከሞተ ወዲህ የሚኖሩት የአፕል ችግኝ አፍልተው በመሸጥ ነው፤ ችግኙ የሚጠጣው ደግሞ ከዚያች ምንጭ ነው። ካርታው ግን ምንጯን ለጋሽ ባፈና ሰጥቷታል። ዓርብ ካለፈ ምንጯ በሕግ የእሳቸው ትሆናለች፣ የእትዬ ንጋቷም ችግኝ ይደርቃል።

የክፍላችን ኃላፊ ይሁኔ ነው። መሬቱን የለካውም፣ ቁጥሩን ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባውም እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ። ፈገግ ብሎ፣ አባቴ ይሄማ ምን ያስቸግራል፣ ቁራሿን መሬት በስጦታ ሰጥቻታለሁ ብለው ይፈርሙና እናስተካክለዋለን አላቸው። ጋሽ ባፈና ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

«ስጦታ ብዬ አልፈርምም» አሉ። «የሷን ለሷ መመለስ ስጦታ ይባላል? ነገ ልጆቼ፣ አባታችን የሰጠሽን መልሺ ቢሏትስ?»

ይሁኔ ዘመድዎ ናት ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ዘመድ ቀርቶ ሰላምታም የለንም አሉ። የባሏን ተዝካር ስታወጣ አገሩን ሁሉ ጠርታ እሳቸውን ዘለለቻቸው። እሷ መልእክተኛ ልኬ ነበር ትላለች፤ መልእክተኛ ግን አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ በደጇ አልፈው አያውቁም። ከብቶቻቸውን እንኳን ከምንጯ ማጠጣት ትተው፣ ማንም ሳይከለክላቸው፣ ገደሉን ወርደው ወንዝ ነው የሚያጠጡት።

«ተኳርፈናል» አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው። «ተኳርፈናል እንጂ ወሰን አልተጋፋንም።»

እውነቱን ልናገር፣ ገረመኝ። እኔ የእነዋሪ ልጅ ነኝ፤ ወንድማማቾች በአንዲት ትልም ሲካሰሱ እያየሁ ነው ያደግሁት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል በሚባልበት አገር፣ የተኳረፉትን ሰው ሞፈር ለመመለስ ከጎረቤላ ድረስ የሚመጣ ሽማግሌ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው አስፈርሞ መሸኘት ነውር መሰለኝና ፋይሉን አምጣ አልኩት ይሁኔን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አለኝ። ችግሩማ አለ፣ እዚህ ቆሟል አልኩት።

ቅየሳን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ይዞታ ስንለካ ከአንድ ማዕዘን ተነስተን፣ አቅጣጫና ርዝመት እየያዝን፣ ዙሪያውን ዞረን እዚያው ማዕዘን ላይ እንመለሳለን። ኮምፒዩተሩም በቁጥሩ ብቻ ያንኑ መንገድ ይሄዳል። ልኩና አጻጻፉ ትክክል ከሆነ መጨረሻው መጀመሪያው ላይ ያርፋል፤ ገጠመ እንላለን። የጋሽ ባፈና መሬት አምሮበት ገጥሟል። የእትዬ ንጋቷ ግን አልገጠመም፤ ከመነሻው የአንድ ጎጆ ስፋት ያህል ርቆ ነው ያቆመው።

ይሁኔ ይህን አይቷል። አይቶም ምን አደረገ? ሶፍትዌሩ ላይ ስህተቱን ለየማዕዘኑ እያከፋፈለ የሚያገጥም ትእዛዝ አለ። እሱ የተሠራው ለጣት ስፋት ስህተት ነው፤ ይሁኔ ግን ለጎጆ ስፋት ተጠቀመበት። እኔ ያንን ትእዛዝ ጥፋተኛውን ሳይለይ ሁላችሁም ተካፍላችሁ ክፈሉ እንደሚል ሽማግሌ ነው የማየው። ቅርጹ በግድ ገጠመ፤ በሁለቱ ይዞታዎች መካከል ግን ባለቤት የሌላት ቀጭን ቁራሽ መሬት ተረፈች። ካርታ ደግሞ ባለቤት የሌለው ቁራሽ አይወድም። ይሁኔም የማን ልክ ነው የሚታመነው ብሎ አሰበና፣ በደንብ ለገጠመው ለጋሽ ባፈና ጨመረላቸው። ምንጯ ያለችው እዚያች ቁራሽ ውስጥ ነው።

ማከፋፈሉን ሰርዤ የእትዬ ንጋቷን መሬት እንደ አዲስ መስመር በመስመር ፈተሽኩ። ከመነሻው እስከ ካቡ ኩርባ ድረስ ማዕዘኖቹ ሁሉ መሬት ላይ ከተያዘው ነጥብ ጋር ልክ ናቸው። ከኩርባው በኋላ ያሉት ግን ሁሉም ወደ አንድ ጎን፣ እኩል በእኩል፣ ተንሸራትተዋል። እንዲህ ሲሆን ቀጥ ያሉት መስመሮች ንጹሕ ናቸው ማለት ነው። ሌባው ኩርባው ውስጥ ነው አልኩ።

ኩርባ ተንኮለኛ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ሁለት ነገር ይበቃዋል፤ ኩርባ ግን ራዲየሱን፣ ርዝመቱንና የሚዞርበትን ጎን ይፈልጋል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ርዝመቱን ነበር። ሜትሩ የተዘረጋው ካቡን ተከትሎ ነው ወይስ ከጫፍ ጫፍ አቋርጦ? አቋርጦ ነው ብዬ ለወጥኩት፤ ክፍተቱ ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ራዲየሱን መሬት ላይ ከተያዙት የካቡ ነጥቦች እንደገና አሰላሁት፤ እሱም ልክ ነው። ይሁኔ አጠገቤ ቆሞ ትንፋሹ ይሰማኛል። እሱም እንደኔ ግራ ገብቶታል፤ አቅጣጫዎቹን ደጋግሞ ማየቱን ነገረኝ፣ አመንኩት።

ጋሽ ባፈና እስካሁን አልተቀመጡም። ዞር ብዬ፣ ካቡ ሲለካ ማን ነበር መንገድ መሪው አልኳቸው። እኔ ነኝ አሉ። እንዴት እንደመሩ ጠየቅኳቸው። ይሄ ደግሞ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን አዩኝና ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ጠረጴዛውን መዞር ጀመሩ። በእኛ ቀዬ ባለመሬት ወሰኑን ሲያሳይ የራሱን መሬት በቀኝ አድርጎ ነው የሚሄድ አሉኝ። በግራ አድርጎ የሄደ ወሰኑን ለሰው የለቀቀ ይመስልበታል፤ አባቶቻቸውም እንዲሁ ነበር የሚሄዱት።

እትዬ ንጋቷስ አልኩ። እሷም የራሷን በቀኝ አድርጋ ነዋ አሉ።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ሁለቱም መሬታቸውን በቀኝ አድርገው የሚሄዱ ከሆነ፣ በጋራ ካባቸው ላይ የሚሄዱት ተቃራኒ ነው። ይሁኔ ካቡን የለካው ጋሽ ባፈና ሲመሩት ነው። በማግሥቱ እትዬ ንጋቷ ሌላውን ወሰናቸውን ሲያሳዩት፣ ያው ካብ ነው ብሎ ሁለተኛ አልለካውም፤ የትናንቱን ልክ ወስዶ ገለበጠው። መነሻውን መድረሻ፣ መድረሻውን መነሻ አደረገ፤ አቅጣጫውንም በትክክል አዞረ። የኩርባውን ጎን ግን ረሳው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትሄድ ወደ ግራ የሚታጠፍ መንገድ፣ ስትመለስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከጋሽ ባፈና ጋር ወደ ግራ የዞረው ካብ ከእትዬ ንጋቷ ጋር ወደ ቀኝ መዞር ነበረበት። ኮምፒዩተሩም የተነገረውን አምኖ ካቡን ወደ እትዬ ንጋቷ ጓሮ አጎበጠው።

ግራ የሚለውን ቀኝ አልኩት። ክፍተቱ ከጎጆ ስፋት ወርዶ ከአንድ ጣት ያነሰ ሆነ። ባለቤት የሌላት ቁራሽም ጠፋች፤ ሁለቱ ይዞታዎች በካቡ ላይ ተገናኙ፣ ምንጯም እትዬ ንጋቷ ጓሮ ገባች። ኮራሁ፣ ምን አደርጋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ይሁኔን ልወርድበት አስቤ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ስህተቱ የእኔ ነው ብሎ ለጋሽ ባፈና በራሱ አንደበት ነገራቸው፤ በዚያም ኮራሁ። ጋሽ ባፈና ያን ጊዜ ነው ወንበር ስበው የተቀመጡት።

ረቡዕ ጎረቤላ ወረድኩ። የተስተካከለ ካርታ ከመለጠፉ በፊት መሬት ላይ መረጋገጥ፣ ሁለቱ ባለመሬቶችም መገኘት አለባቸው። እትዬ ንጋቷ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሴት ናቸው። ጋሽ ባፈና ደብረ ብርሃን ድረስ መሄዳቸውን ያን ቀን ከእኔ ነው የሰሙት። አንገታቸውን ደፉ። ካርታው ሲለጠፍ ባፈና ወሰደብኝ ብለው ለሰው ተናግረው ኖሯል፤ ያ ነው መሰለኝ ያስደፋቸው።

ወሰኑን ምሩኝ አልኳቸው። በልማዳቸው እያንዳንዳቸው መሬታቸውን በቀኝ አደረጉ፤ ስለዚህ አንዱ ከካቡ ላይኛ ጫፍ፣ ሌላው ከታችኛው ተነሱ። እኔ አፋፉ ላይ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የመለኪያ መሣሪያዬን ተክዬ አያለሁ። ኩርባው ከስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ካቡን በዚህና በዚያ ተከትለው፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ፣ ከምንጯ በላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ካቡ ወገብ ድረስ ብቻ ነው። ለማለፍ አንዱ መጀመሪያ መንቀሳቀስ ነበረበት፤ ማናቸውም አልተንቀሳቀሰም።

እትዬ ንጋቷ ዓይናቸውን ከጋሽ ባፈና ላይ ሳያነሱ ጠየቁኝ።

«ዝናሽ፣ በካርታው ላይ ምንጯ የማን ናት?»

የእርስዎ ናት አልኳቸው።

«በስጦታ ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። ከመጀመሪያውም የእርስዎ ነበረች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና እጃቸውን ካቡ ላይ አሳረፉ።

«እንግዲህ የኔ ከሆነች የማጠጣውን የምመርጥ እኔ ነኝ» አሉ። «ባፈና፣ ከብቶችህ ገደል መውረዳቸው ይብቃ። ነገ አምጣቸው።»

 ሽማግሌው ደብረ ብርሃን ላይ ያሳዩትን ኩራት ስለማውቅ፣ አሁንም እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ጋሽ ባፈና ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ነገ ድረስ ምን ያቆያቸዋል» አሉ። «አሁን ላምጣቸው።»

መሣሪያዬን ሳልነቅል ላሞቹ ደረሱ።