አልጎድል ያለው ብልቃጥ

ቦሰና ብልቃጡን ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አንስታ፣ ግማሹን በትንሽ ጠርሙስ መገልበጥ ጀመረች። ከደብሩ ያመጣችው ቅባ ቅዱስ ነው። ለጎረቤቷ ለሙሉእመቤት ልታካፍላት ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?» አለች ልጇ ኪብሮን። ዊንጌት ጋ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ልትወጣ ጃኬቷን በአንድ እጇ ብቻ አጥልቃለች።

«ለሙሉዬ ነዋ። እግሯ አልድን አላት። እኔን ያዳነኝ እሷን ምን ይላታል?»

«ተይው፣ ለእሷ አይሆንም።»

«ቅባ ቅዱስ ደግሞ ለማን ነው የማይሆነው? አንቺ ዛሬ ቁርስ አልበላሽም መሰለኝ።»

«የሷ እኮ ስኳር ነው። ቁስሉ ሥር ሰዷል። መርፌዋን ትወጋ እንጂ...»

«መርፌውንማ ትታዋለች። እኔ ስመሰክር ሰምታ አይደል? በማግስቱ ነው የተወችው።»

ጃኬቱ ከኪብሮን እጅ ወደቀ። «ከነሐሴ አሥራ ሰባት ጀምሮ? ዛሬ እኮ ጳጉሜን ገባ!» ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «እማዬ... እዛ ውስጥ መድኃኒት አለ። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ቦሰና መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ጠርሙሱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሰኔ ላይ ከታክሲ ስትወርድ ወድቃ ቅልጥሟ ተልጦ ነበር። አመረቀዘ። ከጤና ጣቢያ የሰጧት ክኒን ሆዷን እያቃጠለ አላስቀምጥ አላት። ፍልሰታ ሲገባ ተሳለች፤ «እመቤቴ፣ በጠበልሽና በቅባ ቅዱስ ብቻ ካዳንሽኝ በሕዝብ ፊት ቆሜ እመሰክራለሁ» አለች። ለኪብሮንም ነገረቻት። ኪብሮን ያኔ «እሺ እማዬ፣ እንዳልሽ» ነበር ያለችው።

ዘይቱ ወፈር ሲል ቦሰና የነሐሴ ብርድ ነው ብላ አለፈችው። ብልቃጡ ጠዋት ማታ እየተቀባችው አልጎድል ሲል ግን እንባዋ መጣ። በረከት ነው ብላ ለንስሐ አባቷ ሳይቀር ነገረች። ቁስሉ ደርቆ ሮዝ ቆዳ ሲያወጣ፣ ኪዳነ ምሕረት ቀን ማይክ ይዛ ያን ሁሉ ተናገረች፤ ብልቃጡንም ከፍ አድርጋ አሳየች። ሰው እልል አለ። ኪብሮንም ከሴቶቹ መሀል ቆማ እልል ብላለች። ቦሰና በዓይኗ አይታታለች።

«ምንድነው የቀባሽኝ?» አለች።

«ባሲትራሲን የሚባል ቅባት ነው። ሸጎሌ ያንን ፎቅ ሲሠሩ ብሎኬት በባሬላ ሲያመላልሱ አይተሽ የለ? ጀርምም እንደዛ ናት፤ ዙሪያዋን ግንብ አላት፣ ሁሌ ትሠራዋለች። ጡቡን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያወጣላት ባሬላ አለ። መድኃኒቱ፣ ጡቡን አራግፎ ባዶውን የሚመለሰውን ባሬላ፣ ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ጡቡ ውስጥ ይቀራል፣ ግንቡ ይሳሳል፣ ከዛ ውኃ ይገባባትና ትፈነዳለች። ግን ከላይ ላለ ቁስል ነው። ሥር ለሰደደ አይደርስም።»

«እና እኔ ጸሎቴን ስልክ፣ አንቺ መንገድ ላይ ጭምድድ አድርገሽ ይዘሽብኛል።»

«እማዬ!»

«በረከት ነው እያልኩ ሳለቅስ አጠገቤ ነበርሽ። መሐረብ እኮ ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ!»

«እግርሽ እየሸተተ ዝም ልበል? ብነግርሽ ትቀቢው ነበር?»

አትቀባም ነበር። ይህን መልስ ግን ለልጇ አልሰጠቻትም። ወደ ሙሉእመቤት ልትሄድ ነጠላዋን አነሳች።

«በቃ ሐኪም ቤት እንሂድ በያት» አለች ኪብሮን ተከትላት። «የቅባቱን ነገር ግን መናገር የለብሽም። ምን ይጠቅማል?»

«እንዳንቺ ልሁን?»

ሙሉእመቤት አልጋዋ ላይ እግሯን በትራስ ደግፋ ተቀምጣለች። ቤቱ ይሸታል። ቦሰናን ስታይ ፊቷ በራ።

«አመጣሽልኝ? እጅሽ ይባረክ!»

ቦሰና ከደጁ ሳትርቅ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቅባቱን፣ ብልቃጡን፣ እልልታውን። ሙሉእመቤት የእግሯን ጨርቅ ገለጠችው። ትንሿ ጣቷ እንደ ከሰል ጠቁራለች።

«እኔ ሐኪሙን አልነበረም ያመንኩት» አለች። «አንቺን ነው። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነሽ፤ ቦሰና አትዋሽም ብዬ ነው።»

«እኔም ሳላውቅ ነው ሙሉዬ።»

«ይሁና። ጣቴ ግን ይህን አያውቅም።» ጨርቁን መልሳ ሸፈነችው። «በሰው ፊት የተናገርሽውን በሰው ፊት አንሺው። ሌላም የሰማ አለ።»

በኮንትራት ታክሲ ሆስፒታል ወሰዷት። በደም ሥሯ መድኃኒት ሰቀሉላት፤ ኪብሮን ያም የጀርሟን ግንብ ሥራ የሚያስቆም ነው፣ ግን ከውስጥ ይደርሳል አለች። ማታ ላይ ሐኪሙ ጣቷ እንደምትቆረጥ፣ እግሯ ግን ሊተርፍ እንደሚችል ነገራቸው። ሳምንት ቢቆይ እግሩም አይተርፍም ነበር አለ።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ኪብሮን «ይቅር በይኝ» አለች።

«ይቅር ብያለሁ» አለች ቦሰና በመስኮቱ እያየች። «ሐኪም ቤት ሂጂ ብለሽኝ፣ ተጣልተሽኝ፣ ጮኸሽብኝ ቢሆን ግድ የለኝም ነበር። እሺ ነው ያልሽኝ። ካሁን በኋላ እሺ ስትይኝ ምን ልበል?»

ኪብሮን አለቀሰች። ቦሰና መሐረብ አላቀበለቻትም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቦሰና ብልቃጡን ይዛ ተነሳች። አጥባ ባዶውን ነው ያመጣችው። የንስሐ አባቷን ጠዋት አስፈቅዳለች፤ እሳቸውም «መድኃኒቱንም የፈጠረ እሱ ነው፣ ሐሰቱን ግን አንሺው» ብለዋት ማይኩን እንዲሰጧት አደረጉ። ኪብሮን በሴቶቹ በኩል ከኋላ ቆማለች።

ሕዝቡ ቦሰናን ከነብልቃጧ ሲያይ ሌላ ተአምር ሊሰማ መሰለው። አንዲት ሴት ከፊት ጀመረችና ግቢው ሁሉ በእልልታ ቀለጠ። ቦሰና ማይኩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እልልታው እስኪያልቅ ጠበቀች።

ሲያልቅ፣ «እህቶቼ፣ እኔን ሰምቶ መርፌውን የተወ ካለ ዛሬውኑ ይመለስ» አለች።