አራሷ የእሳት እራት

እትዬ ዘርፌ «የእሳት እራት ክንፍ ላይ ያለው ዱቄት ዓይን ያሳውራል» እያሉ አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላገኙት ሁሉ ይናገራሉ። ጎረቤታቸው ሰብሊ ግን በረንዳዋ ላይ፣ አምፖሉ ሥር፣ ነጭ አንሶላ ሰቅላ የሚያርፍበትን ሁሉ ታያለች፤ ስሙንም ከስልኳ ትማራለች።

«ስንቱን ነካክቼ ይኸው ዓይኔ ከእርስዎ ይሻላል» አለቻቸው አንድ ማለዳ።

አንሶላው ላይ መዳፍ የምታክል ቡናማ የእሳት እራት እንቁላል እየጣለች ነበር። እትዬ ዘርፌ ሊያባርሯት መጥረጊያ ይዘው መጥተው ነበር፤ እንቁላሉን ሲያዩ መጥረጊያውን ጣሉት።

«ውይ በሞትኩት፣ አራስ ናት እኮ! ምን አቀመስሻት?»

«ምንም።»

«አንቺ ጨካኝ! በባዶ ሆዷ?»

ቀጭን አጥሚት ሠርተው፣ ማር ጠብ አድርገውበት ተመለሱ። ሰብሊ ልትስቅ ነበር፤ አጥሚቱን እፍ እያሉ ሲያበርዱ አይታ ተወችው። ጥጥ አጥሚቱ ውስጥ ነክራ እሷው አስጠጋችላት።

«እባክሽ እናቴ፣ ለልጆችሽ ስትይ» እያሉ እትዬ ዘርፌ ቀኑን ሙሉ ለመኗት። አልቀመሰችም፤ በማግስቱ ሞታ አገኟት።

«አጥሚቱ ወፍሮባት ይሆን?» አሉ እትዬ ዘርፌ፣ እንባቸው እየመጣ።

ሰብሊ ያኔ ስልኳን ከፍታ አነበበች። እንዲህ ዓይነቷ የእሳት እራት ክንፍ ካወጣች በኋላ የምትበላበት አፍ የላትም።